ዳንቴል ለሲፒዩ፣ ወጌሻ ለባለቤቱ

ለኮምፒውተር እንደኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚራራ ፍጡር ካለ አሳዩኝ።

የሒሳብ ክፍላችን ኮምፒውተር ከተገዛ አራት ዓመት አልፎታል። የስክሪኑ ላስቲክ ግን ዛሬም አልተላጠም። አየር ገብቶበት አረፋ አረፋ ሠርቷል፤ 3ን ከ8 የምንለየው በግምት ነው። ደመወዝ ሲዛባ "ሲስተሙ ነው" እንላለን። ላስቲኩ ከሚላጥ የሰው ደመወዝ ቢላጥ ይሻላል።

ሲፒዩው ደግሞ ዳንቴል ለብሷል፤ ያውም ባለ አበባ። ሲፒዩ የምላችሁ ጠረጴዛ ሥር የቆመውን ሣጥን ነው። እውነተኛው ሲፒዩ እንኳ ሣጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የማያክል ቺፕ ነበር። እኛ ግን ለጋሶች ነን፤ ስሙን ለሣጥኑ በሙሉ ሰጠነው። ስክሪኑን ደግሞ "ኮምፒውተር" ብለን ሾምነው። ስለዚህ ማሽኑ ስታክ ሲያደርግ በጥፊ የሚመታው ስክሪኑ ነው። ዜናው ስላልጣመን ዜና አንባቢውን እንደመደብደብ መሆኑ ነው።

ወደ ዳንቴሉ ልመለስ። ሣጥኑ ጀርባ ያለችው ፋን ሙቀቱን ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ዳንቴሉ በክብር ይመልሰዋል። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል። ሲብስበት ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። ያኔ የአይቲው ልጅ ይጠራና፣ ፋኗ ላይ የተነጠፈውን የአቧራ ብርድ ልብስ እያየ፣ "ቫይረስ ነው" ይላል። በልጁ አትፍረዱበት። ዳንቴሉን የሠሩት የአለቃው ባለቤት ናቸው።

የእምነታችን ጥልቀት የሚታየው ግን መብራት ሲጠፋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የተጻፈው ደብዳቤ አንዴም ሴቭ አልተደረገም። ሴቭ እስኪደረግ ድረስ ሥራው ያለው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉንም ይረሳል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ የላችሁም ወይ እንዳትሉ። አለን። ቡና ማፍያው ተሰክቶበታል።

የራሳችንን ገላ በተመለከተ ግን ስስት የሚባል ነገር አናውቅም። የመዝገብ ቤቱን ጋሼ ብቻ ላንሳ። የስክሪናቸው አናት ከዓይናቸው ትይዩ መሆን ሲገባው ደረታቸው ጋ ነው ያለው። አንገታቸውን እንደ ኤሊ አስግገው ይውላሉ። የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደፊት ባዘነበለ ቁጥር አንገት ላይ ያለው ጫና እየበረታ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሁለት ደስጣ ወረቀት ከስክሪኑ ሥር አስገብተው ቀና ብለው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ቆጠራ መጣና ንብረት ክፍል ወሰደው። ወረቀቱ ከግምጃ ቤት የወጣበት ቅጽ፣ ሞዴል 22፣ የተቆረጠው ለሕትመት እንጂ ለአንገት አይደለም። ወንበራቸውም ከፍና ዝቅ የሚያደርግ እጀታ አለው። አይነኩትም፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጌሻ ጋ ይታሻሉ፣ ሰኞ ተመልሰው ያጎነብሳሉ። ወጌሻው ልጁን ሙያ የሚያስተምረው በእሳቸው አንገት ነው አሉ።

ዓይናቸው ግን ደህና ነበር። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል፣ ዓይኑም ይደርቃል። ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር ራቅ ያለ ነገር እዩ ይላሉ። የአለቃው በር ከጋሼ ወንበር ስድስት ሜትር ቢርቅ ነው። ጋሼም ካርታቸውን እየተጫወቱ፣ ብቅ አሉ አላሉ ብለው በየ20 ደቂቃው በሩን ያያሉ። ከዚህ የበለጠ ታዛዥ ታካሚ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት አለቃው ለስልጠና አዳማ ወረዱ። አምስቱንም ቀን የጋሼ ዓይን በርበሬ መስሎ ሰነበተ።