የድሬን አሮጌ ባቡር ለሙዚየም ለመስጠት ምን አቻኮለን?

ድሬዳዋ የሄደ ሁሉ ከዚራ ለገሃሩ ጋ ጎራ ይልና አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ይሁን፣ ያምራሉ። ግን ስለዚህ ባቡር ሲወራ ሁሌም እንደ ሟች ነው። የአዲስ አበባ–ድሬው በ2008 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቆሟል፣ እውነት ነው። ከድሬ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ያለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን በ2013 እንደገና ባቡር ሄዶበታል።

"አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እያለ አሮጌው ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። እስቲ አሜሪካን እንይ። በ1980 ስታገርስ የሚባለው ሕግ ሲወጣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማያዋጧቸውን ቅርንጫፍ መስመሮች መሸጥ ቀለላቸው፣ ብዙውን የገዙትም ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያሉ አጫጭር መስመሮች 600 ገደማ ናቸው፤ ከአገሪቱ ሐዲድ ሲሶ የሚጠጋው በእነሱ እጅ ነው። ሥራቸው ቀላል ነው። ትልቁ ባቡር መገናኛው ላይ ፉርጎዎችን ጥሎ ያልፋል። ከዚያ አንዲት ያረጀች ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ሦስት ሠራተኛ ይዛ፣ ሐዲዱ ደከም ባለበት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር እያዘገመች፣ አንዱን ፉርጎ እህል ጎተራው፣ ሌላውን እንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ ታደርስና ባዶውን ትመልሳለች። ትልቁ ለሦስት ፉርጎ ብሎ አይቆምም። ለትንሿ ግን እንጀራዋ ነው።

የእኛው ላይ አንድ ራስ ምታት አለ። አሮጌው ሐዲድ 1 ሜትር ስፋት አለው፣ አዲሱ 1.435። ፉርጎው ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ዕቃው ወርዶ እንደገና ይጫናል። ወጪ ነው፣ አልክድም። ግን አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ስለሆነ ነጋዴው አሁንም ዕቃውን በመኪና ማመላለሱ አልቀረለትም። አሮጌው መሃል ከተማ ነው።

ሙያውም ከድሬ አልጠፋም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1902 ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ሜዳው ላይ ሲቀር ነው፤ የጥገና ክፍሉ ሰዎችም መለዋወጫ ሲጠፋ ራሳቸው እየሠሩ ነው ያቆዩት።

ስለዚህ መስመሩን የድሬ ነጋዴዎችና የባቡሩ የቀድሞ ሠራተኞች ድርሻ ለሚገዙበት አነስተኛ ድርጅት በኪራይ ይስጡት። የጅቡቲን ኮንቴይነር ለአዲሱ ትቶ፣ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ያለውን አትክልት፣ ከብትና ሸቀጥ ያመላልስ። ለጊዜው በሳምንት ሁለት ባቡር ይበቃል። ካላዋጣ ይዘጋ፤ ሙዚየሙ እንደሆነ የትም አይሄድም።