ምን ጠፍቶባችሁ ነው?

በእኛ አገር ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሩቅ ሩቅ ካየ ወይ በሬ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሰው ቀጥሮ ቀርቶበታል፣ ወይ መሬት ሊገዛ ነው። ወፍ ለማየት ብሎ በሌሊት ከአልጋው የሚነሳ ጤነኛ የለም። ፈረንጅ ከሆነ ይታለፋል። ፈረንጅ የማያደርገው ምን አለ?

ነገሩ ግን ያስተዛዝባል። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያለበት አገር ላይ ተቀምጠን፣ በስም የምናውቀው የምንበላውንና የሚሰርቀንን ብቻ ነው። ጅግራና ቆቅ ስለሚበሉ የታወቁ ናቸው። ጭልፊት ጫጩት ስለሚነጥቅ ስሙ ከእርግማን ጋር ይነሳል። ጋጋኖ ግን በየማለዳው አዲስ አበባ ላይ እያሽካካ ያልፋል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም አይገኝም። ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ «ያ እንቅልፍ የሚነሳው?» ይሏችኋል። አለቀ።

ይህን ለማረም ነው እንግዲህ በገናና በጥምቀት መሀል አንድ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ልጆች ተሰባስበን ቢሾፍቱ የወረድነው። ሆራና ባቦጋያ ለመዝናናት አይደለም። ጨለለቃ ለተባለው ረግረግ ነው። በዚያ ወቅት ግራጫ ሽመላዎች የአውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው እዚያ ይሰፍራሉ። እንደ ዲያስፖራ ናቸው፤ ለበዓል ይመጣሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይሄዳሉ። ልዩነቱ መሬት አይጠይቁም።

ሽመላ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ጅብም ቀበሮም በቀላሉ እንዳይደርስበት። ሲነጋ ቁርሱን ፍለጋ ወደታጨደው ማሳ ይበተናል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ መድረስ ነበረብን። አስተባባሪያችን ይህን በቴሌግራም በትልልቅ ፊደል ጽፎልን ነበር። የደረስነው ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። መንገድ ላይ ጥብስ ፍርፍር ነበረ፣ ምን ይደረጋል!

ውሃው ዳር ሳቢሳዎችና ጥቂት ዝዮች ብቻ ቀርተዋል። ከመሀላችን አንዷ፣ ባለሙያ ናት፣ አንዱን ዝይ ከእግር እስከ ራሱ ገመገመችው። «ይሄ 12 ብልት ይወጣዋል?» አለች። ክርክር ተነሳ። አንዱ ይበላል አለ፣ አንዱ አይበላም አለ፣ ሌላው ክርክሩን ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን ወሰደው። ዝዩ ጥሎን ሄደ።

ባይኖኩላር የያዘው ጓደኛችን ደግሞ ወደ ሰማይ አንጋጦ ጭልፊት ሲከተል፣ አንድ መንገደኛ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄ የአየር ኃይል ከተማ ነው» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጓደኛችን ከዚያ በኋላ ያየው መሬት ለመሬት የሚሄድ ወፍ ብቻ ነው።

ሽመላዎቹ ያሉት ከውሃው ማዶ፣ ጤፍና ሽምብራ የተሰበሰበበት ማሳ ላይ ነበር። በዓይን ግራጫ ነጠብጣብ ናቸው። ቴሌስኮፑን አወጣን፤ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተክለን ወደ ማሳው አነጣጠርን። አንዱ ጓደኛችን እንዳይጠፋብን ብሎ ብርቱካናማ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል። ሌላው በደብተር ይመዘግባል። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ምን እንመስላለን?

መጀመሪያ ሁለት እረኞች መጡ። ቀጥሎ አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ከዚያ ጃንጥላ የያዙ እናት፣ ከዚያ ባጃጁን አቁሞ የወረደ ወጣት። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለ ባለባጃጁ። ወፍ ነው የምናየው አልነው። ከት ብሎ ሳቀ። ሌላ ሰው ሲመጣ እሱው አስረዳልን፦ «ቀያሾች ናቸው። ወፍ ነው ይላሉ።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም ያደረጉ አንድ ሽማግሌ እየተነፋፈሱ ደረሱ። ሰላምታ እንኳን በወጉ አልተለዋወጥንም።

«ካሳው በካሬ ስንት ነው?»

«አባባ፣ ወፍ ልናይ ነው የመጣነው።»

«እሱን ሰማሁ። ካሳውን ንገሩኝ።»

አልፈርድባቸውም። ከተማ በሚሰፋበት አካባቢ፣ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ደህና ወሬ ይዞ አያውቅም። ባለ ሰደርያው መታወቂያ እስከማሳየት ደረሰ። መታወቂያው ላይ ሙያው «መሐንዲስ» ይላል። ባያሳይ ይሻል ነበር።

በመጨረሻ አስተባባሪያችን «አባባ፣ ለምን ራስዎ አያዩትም?» አላቸው። ዱላቸውን ለልጁ ሰጡ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ጎንበስ አሉ። አንድ ዓይን መጨፈኑ አስቸገራቸው፤ በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ወደ ቀኝ ትንሽ ገፉት። ረጅም አንገት፣ ቀይ አናት፣ ጥቁርና ነጭ ፊት መታየት አለበት፤ አስተባባሪያችን በጆሯቸው ያብራራል።

«አየሁት!» አሉ ሽማግሌው።

«ያምራል አይደል?»

«ምኑ ያምራል! ከብቱን የእኔ ቃርሚያ ላይ ለቆታል!»

ሽመላ የሚባል ነገር አላዩም። ያዩት ጎረቤታቸውን ነው። በዓይን ያጡትን ማስረጃ ቴሌስኮፑ በአንድ ጊዜ ከነቀንዱ አመጣላቸው። «ሲጠየቅ በእግዜር ስም ይምላል እኮ!» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑ የእኛ መሆኑ ቀረ። ሰልፍ ተያዘ። እረኛው የጠፋች ጥጃ ፈለገበት። ጃንጥላ የያዙት እናት «የቅዳሜ ትምህርት አለኝ» ያለው ልጃቸው ኳስ ሜዳ ላይ መሆኑን አረጋገጡ። ባለባጃጁ ማን የማንን ቤት እንዳንኳኳ በዝርዝር ይዘግብ ጀመር። መዝጋቢያችን ደብተሩን ዘግቶ ከጎኑ ቆመ፤ ወሬው ከወፉ በልጦበታል።

ሽማግሌው ወደ ማሳቸው ሊሮጡ ዱላቸውን ተቀበሉና ጥቂት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። ካሳውን ረስተውታል። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ማታ ማታም ያሳያል?»