ክርክር፦ ማንጎን ከነጩ ተባይ ለማዳን ኒም ይበቃል?

የማንጎ አምራቹ (አሶሳ)፦ ነጩ የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛም ዘለቀ። ፍሬውን ሮዝ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ነጋዴ አይቶ ያልፈዋል። ኒም ደጃችን ቆሞ እያለ ውድ ኬሚካል ለምን እንገዛለን? የኒሙን ፍሬ ወቅጦ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ አጥሎ፣ ትንሽ ሳሙና ጨምሮ መርጨት ነው። ከዛፍ የተገኘ ነገር ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያዋ፦ "ማንንም አይጎዳም" ያሉትን አልቀበልም። ብርብራስ ከዛፍ አይደለም? ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይፈጃል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ኒም ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ኃይሉን ያጣል። ተባዩም ቅርፊት ለብሶ ነው የሚቀመጠው።

አምራቹ፦ እኔ ስለ ኒም ጻፍኩ፣ አንቺ ብርብራ አመጣሽ። ብርብራ እርጩ ያለ ማን ነው? ደግሞስ ቅርፊት ከለበሰ ኬሚካሉ እንዴት ያገኘዋል?

ባለሙያዋ፦ ተክሉ ውስጥ የሚሰርግ መድኃኒት አለ። ተባዩ የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ አብሮ ይወስደዋል። ብርብራን ያነሳሁት ግን እርስዎ "አይጎዳም" ስላሉ ነው። ይህን ያነበበ ገበሬ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ይረጫል። ያ ነው የሚያሳስበኝ! ኒምም ቢሆን የሚረዳው ገና የተፈለፈሉት ቅርፊት ሳያበጁ ሲደርሱባቸው ነው።

አምራቹ፦ እሺ፣ ጊዜውን እንጠብቅ። ዛፉ ግን ከቤት ይረዝማል። በጀርባ የምናዝለው መርጫ አናቱ ጋ አይደርስም። "እርጩ" ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሞልቷል፤ ቀና ብሎ ዛፉን ያየ ግን አላጋጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ልጄ።

ባለሙያዋ፦ እኔን ከእነሱ ጋር አይደምሩኝ። ይገረዝ ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ። ተባዩ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ይወዳል። ዛፉ ካጠረ መርጫውም ይደርሳል።

አምራቹ፦ የተገረዘ ዛፍ እስኪያፈራ ልጆቼ ምን ይብሉ?

ባለሙያዋ፦ ሁሉንም ባንዴ ማን አለ? ከፊሉን ዘንድሮ፣ ከፊሉን ለከርሞ።

አምራቹ፦ እኔ ገርዤ ጎረቤቴ ካልገረዘ ነፋስ መልሶ ያመጣብኛል። ቀበሌው በሙሉ አብሮ ይግረዝ። መጋዝና መሰላልም ይቅረብልን። እስከዚያ ኒም መውቀጤን አልተውም።