ኧረ የአባልነት ቁጥራችሁን በትክክል ጻፉልን!

ይሄን ብሶት ዛሬ ካላወጣሁት ያንቀኛል። የፕራክቲካል ተኩስ (ፍጥነትና ዒላማ መምታት አንድ ላይ የሚለኩበት ስፖርት) ውድድር ላይ ውጤት የሚመዘግብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተኩሱ አልቋል፣ የዒላማው ቀዳዳ ተለጥፏል፣ ቀለሃው ተለቅሟል፣ ተኳሹ መሣሪያውን ሸክፎ ሄዷል። ውጤቱን ወደ ማኅበሩ የሚልከው ሰው ግን ታብሌቱ ላይ እንዳቀረቀረ መሽቶበታል። ሠላሳ አርባ ስም መሃል ስድስት ሰባቱ ቁጥራቸው አይገጥምም። አንዱ ፊደሉን ረስቷል፣ አንዱ የድሮ ቁጥሩን ጽፏል፣ አንዱ ሁለት አሃዝ አገላብጧል፣ አንዱ ደግሞ ቦታውን ባዶ ትቶ "አባል ነኝ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። አባል ከሆንክ ቁጥሩ የት አለ ወንድሜ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ ጥፋቱ የተኳሹ ብቻ አይደለምና። የዚህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አይፒኤስሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። የአሜሪካ ክንፉ ዩኤስፒኤስኤ በ1984 በሕግ ተቋቋመ። በዩኤስፒኤስኤ የአባልነት ቁጥር ማለት ፊደልና አሃዝ አንድ ላይ ነው። ፊደሉ የአባልነቱን ዓይነት ይናገራል፦ ኤ የአንድ ዓመት፣ ቲዋይ የሦስት ዓመት፣ ኤፍዋይ የአምስት ዓመት፣ ኤል የዕድሜ ልክ፣ ቢ ደግሞ ከዕድሜ ልክም በላይ ከፍሎ ማኅበሩን የሚደግፍ አባል። ለዓመት ይከፍል የነበረ ሰው ወደ ሦስት ዓመት ሲዛወር አሃዙ እንዳለ ሆኖ ፊደሉ ይቀየራል። የዕድሜ ልክ አባል ሲሆን ግን ኤል የሚል ፊደል ያለው ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቁጥር የሰውየው መለያ ነው፤ ስንት እንደከፈለ የሚነግር ደረሰኝ መሆን አልነበረበትም። የክፍያው ዓይነት በመዝገቡ ላይ ሌላ ዓምድ ይሰጠውና ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን። ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ነው አንድ ሰው በሁለት በሦስት ቁጥር የሚዞረው። ክለቡ ባለፈው ወር የውድድር ፋይል ላይ ተመሥርቶ የዚህን ወር ያዘጋጃል፤ ፋይሉ ውስጥ የድሮው ቁጥር አለ። ተኳሹ ደግሞ በአዲሱ ቁጥሩ እንደገና ይመዘገባል። አሁን ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ግማሹን ስቴጅ (ውድድሩ የሚከፋፈልበትን የተኩስ ክፍል) በአንዱ ስም፣ ግማሹን በሌላው ሲመዘግቡለት ይውላሉ። ማታ ሁለት "ያልጨረሰ" ተኳሽ እናገኛለን። አባትና ልጅ በአንድ ስም የሚወዳደሩበትም ክለብ ስላለ ዝም ብለን ማዋሃድ አንችልም፤ መጠየቅ አለብን። ስልኩን ግን ማን ያነሳል?

በዚህ ላይ የፊደሎቹ መደራረብ አለ። ኤ የሚለው ፊደል በዚህ ስፖርት ውስጥ ሦስት ሥራ ይሠራል። የአንድ ዓመት አባልነት ምልክት ነው፤ የችሎታ ደረጃ ስም ነው፤ ዒላማው ላይ 5 ነጥብ የሚያስገኘው መካከለኛው ክልልም ኤ ነው። ቢም እንደዚሁ የደጋፊ አባል ምልክትና የደረጃ ስም ነው። ጀማሪው ፎርሙ ላይ "ክላስ" (የችሎታ ደረጃ ማለት ነው) የሚል ሲያይ ካርዱ ላይ ያለችውን ኤ ይጽፋል። ገና አንድም ክላሲፋየር (ደረጃ የሚወጣበት መለኪያ ተኩስ) ያልተኮሰ ሰው ኤ ክላስ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ቁጭ! የባሰው ደግሞ ኤል 10 ነው። ይሄ ሊሚትድ 10 የሚባለው ዲቪዥን (የመሣሪያ ምድብ) አጭር ስም ነው፤ ቅርጹ ግን ቁርጥ የዕድሜ ልክ አባል ቁጥር ነው። የአባልነት ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ላይ ኤል 10 ተጽፎ ሲመጣ ሰውየው ምን ለማለት እንደፈለገ የሚገምተው መዝጋቢው ነው።

አጻጻፉስ! ዜሮን እንደ ኦ ፊደል፣ አንድን እንደ አይ ወይም እንደ ትንሿ ኤል። በፊደሉና በአሃዙ መሃል ሰረዝ ወይም ክፍት ቦታ። የስልክ ቁጥር። የክፍያ ደረሰኝ ቁጥር። "በሂደት ላይ" የሚል ጽሑፍ። ስልኩ ራሱ ከበፊቱ አስታውሶ የሞላው፣ ተኳሹ ሳያየው ያለፈው የጓደኛው ቁጥር፤ ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ሰረዝና ክፍት ቦታ ለዓይን ስለሚታይ ይታረማል። የጓደኛው ቁጥር ግን ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ሕይወት ያለው፣ ያልተቃጠለ፣ ክፍያው የተከፈለ ቁጥር ነው። ስሙን ከቁጥሩ ጋር ቁጭ ብሎ ያላመሳከረ መዝጋቢ አያገኘውም።

"ታዲያ ምን ይሆናል? ውድድሩ እንደሆነ አልቋል" የሚል ሰው አለ። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለዕለቱ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ደረጃህ የሚሠራው በሱ ነው። ግራንድ ማስተር 95 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ማስተር ከ85፣ ኤ ከ75፣ ቢ ከ60፣ ሲ ከ40 ጀምሮ፣ ዲ ደግሞ ከ40 በታች። የመጀመሪያ ደረጃህን ለማግኘት በአንድ ዲቪዥን 4 የክላሲፋየር ውጤት ያስፈልግሃል። ከዚያ በኋላ ከመጨረሻዎቹ 8 ውስጥ የተሻሉት 6 እየተወሰዱ አማካያቸው ይሠራል። ክላሲፋየር በወር አንዴ የሚያዘጋጅ ክለብ ውስጥ ላለ ጀማሪ አራቱ ማለት አራት ወር ነው። አንዷ በተሳሳተ ቁጥር ምክንያት ሳትገባ ከቀረች አምስት ወር ይሆናል፤ ስሙ አጠገብ ያለችው፣ ደረጃ አልባ መሆኑን የምትናገረው ዩ አትነሳለትም።

አንድ ክላሲፋየር ላይ ምን ያህል ልፋት እንዳለ እዩ። ኤል ፕሬዚደንቴ የሚባለውን፣ ቁጥሩ 99-11 የሆነውን እንውሰድ። ሦስት ዒላማ በ10 ያርድ። ተኳሹ ጀርባውን ለዒላማው ሰጥቶ ይቆማል፤ ድምፁ ሲሰማ ይዞራል፣ ሽጉጡን ይመዛል፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ይተኩሳል፣ ካዝና ይቀይራል፣ እንደገና ሁለት ሁለት። 12 ጥይት፣ ቢበዛ 60 ነጥብ። አንድ ተኳሽ በማይነር (ጉልበቱ አነስ ባለ ጥይት) 9 ኤ፣ ከኤ ውጭ ያለውን ክልል ደግሞ 3 ሲ መታ እንበል። ዘጠኙ 45፣ ሦስቱ 9፣ ድምሩ 54 ነጥብ። በ6.00 ሴኮንድ ከጨረሰ 54 ለ6 ሲካፈል ሂት ፋክተሩ፣ ማለትም በሴኮንድ ያገኘው ነጥብ፣ 9.00 ነው። ይሄ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ለዚያ ዲቪዥን ከተቀመጠው ከፍተኛ ሂት ፋክተር ጋር ተነጻጽሮ ነው ፐርሰንቱ የሚወጣው። ለስሌት እንዲመች ከፍተኛው 11.25 ነው እንበል፤ 80 በመቶ ይመጣል፣ የኤ ክላስ ውጤት። ዲቪዥኑ በስህተት ከፍተኛው 12.50 የሆነበት ላይ ቢሞላ ያው ተኩስ 72 ይሆናል፣ ቢ። ከፍተኛው 10.00 የሆነበት ላይ ቢሞላ ደግሞ 90፣ ማስተር! ማይነር ሆኖ ሜጀር (ጉልበቱ ከፍ ያለ ጥይት) ተብሎ ቢሞላስ ሲ ላይ ያረፉት ሦስቱ በ3 ፈንታ 4፣ 4 ነጥብ ያገኛሉ፤ ድምሩ 57፣ ሂት ፋክተሩ 9.50። ተኳሹ የተኮሰው ያው አንድ ተኩስ ነው። የተለያየው ፎርሙ ላይ ያለች አንዲት ምርጫ ናት።

አሁን ደግሞ ይሄ 90 በመቶ የሌላ ሰው ቁጥር ላይ አረፈ እንበል። ሁለት አሃዝ ስለተገላበጠ፣ 47 የነበረው 74 ስለሆነ ብቻ፣ እሱ ቀን ሜዳው ላይ ያልነበረ ሰው አማካዩ ከፍ ይላል። በዩኤስፒኤስኤ ደረጃ ሲወጡበት በራሱ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን በራሱ አይወርድም፣ ማመልከት ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ በአንድ ዲቪዥን ከፍ ያልክ እንደሆነ በሌሎቹ ከአንድ ደረጃ በላይ ዝቅ ብለህ አትቀመጥም። ስለዚህ አንድ የተሳሳተ ውጤት የዚያን ምስኪን ሰው መዝገብ በሁሉም ዲቪዥን ሊነካካው ይችላል። እሱ ምን አጠፋ? "የራሴ ጉዳይ ነው፣ እኔን እንጂ ማንን ይጎዳል" የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይሄን ሰው አስቡት።

ወደ ካታጎሪ ልምጣ፤ እዚህም ላይ ሰው አስቸግሮናል። ሦስቱን ለዩልን፦ ዲቪዥን የመሣሪያው ነው፣ ክላስ የችሎታው ነው፣ ካታጎሪ የሰውየው ነው። ጁኒየር፣ ሲኒየር፣ ሴት፣ እነዚህ ካታጎሪ ናቸው። ዕድሜው ግን እንደ ድርጅቱ ይለያያል። በአይፒኤስሲ ሲኒየር ከ50 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ሱፐር ሲኒየር ከ60፣ ግራንድ ሲኒየር ከ70። በዩኤስፒኤስኤ ግን ሲኒየር 55፣ ሱፐር ሲኒየር 65 ነው። የ52 ዓመቱ ሰው እዚያ ሲኒየር፣ እዚህ ምንም ነው። "ባለፈው ውድድር ሲኒየር ነበርኩ፣ ዛሬ ማን አወጣኝ" ብሎ የሚቆጣን ሰው ሕጉን ሳይሆን ልማዱን ነው የሚያነበው።

ዕድሜ የሚቆጠረው ደግሞ በአይፒኤስሲ ውድድሩ በሚጀመርበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ውድድሩ ዓርብ ተጀምሮ እሁድ ቢያልቅና ሰውየው 50 የሚሞላው ቅዳሜ ቢሆን፣ ለዚያ ውድድር ሲኒየር አይደለም። ለዚህ ነው የትውልድ ቀን የምንጠይቀው። "ዕድሜ" የሚል ቦታ ያለው ፎርም የምታዘጋጁ ክለቦች ደግሞ እባካችሁ አስተካክሉት፤ ከሦስት ወር በፊት የተመዘገበ ሰው የጻፈው ዕድሜ በውድድሩ ቀን ላይሠራ ይችላል።

በአይፒኤስሲ አንድ ሰው የሚገባው በአንድ ካታጎሪ ብቻ ነው። የ55 ዓመት ሴት ተወዳዳሪ ወይ በሴቶች ወይ በሲኒየር ትመርጣለች፤ ምርጫው የሷ ነው፣ መዝጋቢው ሊወስንላት አይገባም። ከምርጫው በፊት ማወቅ ያለባት ነገር አለ፦ ካታጎሪው እንዲታወቅ በዚያ ዲቪዥን ውስጥ ቢያንስ 5 ተወዳዳሪ ያስፈልጋል። አምስት ሴቶች ተኩሰው አንዷ ምልክቱን ማድረግ ብትረሳ ወረቀቱ ላይ አራት ናቸው፤ አራቱም ልፋታቸው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሽልማት ሊሰጥ ሲል "እኔም እኮ ሴት ነኝ" ማለት ለማንም አይጠቅምም።

በዩኤስፒኤስኤ የወታደርና የሕግ አስከባሪ ካታጎሪም አለ። ወታደር የሚለው አሁን በሥራ ላይ ላለ ነው። ሕግ አስከባሪ የሚለው የማሰር ሥልጣን ላለው የሙሉ ጊዜ ባልደረባ ነው። በጡረታ የወጣችሁ፣ በግል ጥበቃ የምትሠሩ፣ ክብራችሁ እንደተጠበቀ ነው፤ ሳጥኗን ግን አትንኩብን። ሳታውቁት በሥራ ላይ ካለው ሰው ሽልማት እየወሰዳችሁ ነው።

ክለቦችም ድርሻችሁን ውሰዱ። የቁጥሩን ቦታ ግዴታ አድርጉት፤ አባል ላልሆነ ሰው "አባል አይደለሁም" የሚል የተለየ ምርጫ ስጡ። ዲቪዥን አስቀድሞ ተመርጦ የሚመጣበትን ፎርም አጥፉት፤ ሰው የመጣለትን እንዳለ ያልፈዋል፣ ከዚያ ሃያ ሰው ኦፕን የሚባለው ዲቪዥን ውስጥ ይገኛል። ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ዝርዝሩን በስም ቅደም ተከተል አንዴ፣ በቁጥር ቅደም ተከተል አንዴ ደርድራችሁ እዩት። በስም ሲደረደር ሁለት ጊዜ የገባው ሰው ጎን ለጎን ይመጣል፤ በቁጥር ሲደረደር ፊደል የሌለውና ባዶው ከላይ ይሰበሰባል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የተወዳዳሪ መረጃ እርማት ደግሞ ዋናው ታብሌት ላይ ብቻ ይሁን። በየስቴጁ ያለ ሰው በየታብሌቱ ስም ሲያርም ውሎ ማታ ሲዋሃድ የትኛው እንደሆነ ትክክሉ ማን ያውቃል?

ተኳሾች ደግሞ የአባልነት ካርዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ስትመዘገቡ ከጭንቅላታችሁ ሳይሆን ከፎቶው ቅዱ፣ ፊደሉን ጨምራችሁ፣ ያለ ሰረዝና ያለ ክፍት ቦታ። የሚያበቃበትን ቀን በዚያው እዩት። አባልነት ስትቀይሩ የምዝገባ ገጻችሁ ላይ ያለውን የድሮ ቁጥር በዚያው ዕለት ቀይሩ፤ ወደፊት ለተመዘገባችሁባቸው ውድድሮችም አንድ በአንድ ገብታችሁ አስተካክሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን አያርምላችሁም። ተሳስታችሁ ተመዝግባችሁ ከሆነ ያንኑ ምዝገባ አርሙት እንጂ አዲስ አትክፈቱ።

ጊዜያዊ ውጤት ሲለጠፍ ደግሞ ስንተኛ እንደወጣችሁ ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ስም፣ ቁጥር፣ ዲቪዥን፣ ማይነር ወይስ ሜጀር፣ ክላስ፣ ካታጎሪ፤ ስድስቱን እዩ። ስህተት ካለ ውጤቱ ሳይላክ ያን ማታውኑ ንገሩን፣ ያኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከተላከ በኋላ ካገኛችሁት "ውጤቴ አልገባም፣ እዩልኝ" የሚል መልእክት አትላኩ፤ ከምን እንነሳ? የውድድሩን ስምና ቀን፣ የክላሲፋየሩን ቁጥር፣ የተኮሳችሁበትን ዲቪዥን፣ ተጽፎ የተገኘውን የተሳሳተ ቁጥርና ትክክለኛውን አብራችሁ ላኩ። ቁጥሩ የሌላ አባል ሆኖ ከተገኘ ያንንም ጨምራችሁ ንገሩን፤ ውጤቱ ለእናንተ ከመግባቱ በፊት ከሱ መዝገብ ላይ መነሳት አለበት።