ዶክተር ጄኪል ጨው ሲያልቅበት

ራሱ ላይ የሚሞክር ሳይንቲስት ያለበትን ልብ ወለድ ብዙዎቻችን የምናነበው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየው ጠገበ፣ የፈጣሪን ሥራ ነካ፣ ተቀጣ። እኔ ግን ይህ አነባበብ ዋናውን ነገር ያስስተናል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመውን የደራሲ ስቲቨንሰንን ልብ ወለድ፣ ዶክተር ጄኪልን እንውሰድ። የተከበረ የለንደን ሐኪም መድኃኒት ቀምሞ ይጠጣና ሃይድ የሚባል ጨካኝ ሰው ይሆናል። ድጋሚ ሲጠጣ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሁሉም የሚያስታውሰው ይህን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጨዉ ነው።

መድኃኒቱ ውስጥ የሚገባ አንድ ጨው አለ። መጀመሪያ የገዛው ሲያልቅበት አዲስ ያስመጣል። ሲቀምመው ይፈላል፣ ቀለሙ አንዴ ይለወጣል፣ ሁለተኛው ለውጥ ግን አይመጣም። ይጠጣዋል፤ ምንም የለም። አሽከሩ ፑል ወረቀት ይዞ የለንደንን መድኃኒት ቤቶች ያዳርሳል። ባመጣ ቁጥር ንጹሕ አይደለም፣ መልስ ይባላል። ጄኪል እውነቱ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። ንጹሕ ያልነበረው የመጀመሪያው ጨው ነው። ይሠራ የነበረውም ጨዉ ውስጥ የተቀላቀለ ባዕድ ነገር ነው።

ሰውየው እኮ የሚጠጣውን አያውቅም ነበር! ለዚህ ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ ብቻውን መሥራቱ ይበቃል። መድኃኒቱ የሚለውጠው አእምሮን ነው፣ ለውጡን የሚመዝነውም ያው አእምሮ ነው። ሥራውን ሊያይለት የሚችል ላንየን የሚባል ሐኪም ወዳጅ ነበረው። ሐሳቡን ስላጣጣለበት ተራራቁ። ላንየን በዓይኑ ያየው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ድንጋጤውም ገደለው።

የደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «የማይታየው ሰው» ልብ ወለድ ሳይንቲስት፣ ግሪፊንም እንዲሁ ነው። ራሱ ላይ ከመሞከሩ በፊት ድመት ላይ ሞከረ። ድመቷ ተሰወረች፣ ዓይኖቿ ግን ቀሩ። አጠገቡ ሰው ቢኖር ቆይ እስቲ ይለው ነበር። መመለሻውን ሳያገኝ ራሱን ሰወረ፤ በጥር ብርድ ራቁቱን መንገድ ላይ ወጣ።

በእውኑ ዓለም ደግሞ ባሪ ማርሻል አለ። እኛ ጨጓራ ሲነሳብን ጭንቀት ነው፣ በርበሬ ነው እንላለን። ይህ አውስትራሊያዊ ሐኪም የለም፣ ባክቴሪያ ነው አለ። የሚያምነው ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፣ ትንፋሹም ሸተተ። ለሚስቱ አስቀድሞ አልነገራትም፣ ፈቃድም አልጠየቀም። ይህን አላደንቅለትም። ነገር ግን ከመጠጣቱ በፊት ጨጓራው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ታይቶ ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጧል። ከጠጣም በኋላ እንደገና ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ማንም ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

እንዲህ ያለ ሳይንቲስት የሚፈጥር የአማርኛ ደራሲ ባገኝ ደስ ይለኛል። ብቻ በሩን አይቆልፍበት። ደብተር የያዘች አንዲት ረዳት ያስገባልኝ፤ «ዶክተር፣ ይሄን ጨው ከየት ነው የገዙት?» የምትል።