የስትሮክ ስቴም ሴል ምርምር ደሴ ላይ ይጀመር?

ደጋፊ (የላብራቶሪ ተመራማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ይጀመር። አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ ከያዛቸው ከ6 ወር በላይ የሆናቸው 18 ሕሙማን የራስ ቅላቸው ተበስቶ ከ2.5 እስከ 10 ሚሊዮን ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል መነሻ ሴል) ተሰጥቷቸው እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ሴሎቹ የሞተውን ነርቭ አይተኩም፣ ብዙ ሳይቆዩም ይጠፋሉ፤ የሚያመነጩት ንጥረ ነገር ግን የአንጎሉን መቆጣት ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል። ሴሎቹን አቀዝቅዞ ማቆየቱም አያስፈራንም፤ የኮርማ ዘር የሚቆይበትን ፈሳሽ ናይትሮጂን የከብት አዳቃዮቻችን ገጠር ድረስ ይዘውት ይዞራሉ።

ተቃዋሚ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ)፦ ዶክተር፣ ላሟን ከየት አመጧት? የኮርማው ዘር ቢሞት ላሟ በ21 ቀኗ ዳግም ትፈልጋለች። በደም ሥር በተሞከረው ትልቅ ጥናት ግን አንድ ሰው የወሰደው 1.2 ቢሊዮን ሴል ነው። በ37 ዲግሪ ውሃ ቀልጦ ከዘገየ ይሞታል፣ ይጓጉላል፣ ሳንባ ላይ ይቀራል። በሕይወት ያለው ሳይቆጠር፣ ከባክቴሪያ መጽዳቱ ሳይረጋገጥ ማን ይወጋዋል? ደግሞ 18ቱን ጠርተው 163ቱን ምነው ዘለሏቸው? ያው ሕክምና በ163 ሕሙማን ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴል ከማይሰጥበት የማስመሰያ ቀዶ ጥገና አልበለጠም።

ደጋፊ፦ ናይትሮጂኑን እናውቀዋለን አልኩ እንጂ ሰውን ከላም አላስተካከልኩም። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ማቀዝቀዙ ይቅር፤ ሴሉ ከታማሚው ከራሱ የዳሌ አጥንት መቅኔ ተቀድቶ ይሰጠው።

ተቃዋሚ፦ ሕንዶች ሠርተውታል፤ 120 ሰው፣ በአማካይ 280 ሚሊዮን ሴል፣ በ6 ወሩ ልዩነት የለም። ለመሆኑ ከከላላ ወረዳ የመጣ ታማሚ መቼ እንደያዘው ማን ይነግርዎታል? «ጠዋት ሲነሳ» ነው የሚባለው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደህና ሆኖ መጨረሻ ከታየበት ነው። የጃፓኑ የደም ሥር ሙከራ ከ18 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ የደረሰን ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ እሱም ቢሆን አልተሳካለትም። የአንጎል ሲቲ (የራጅ ምስል) ሳይነሳማ ደሙ ፈስሶ ይሁን ረግቶ አይታወቅም። ላሟ እንኳ የፈለገችበት ሰዓት ይጻፍላታል።

ደጋፊ፦ ላሟን ይተዉልኝ፣ እህቴ! ይኼው የሚሉት ራሱ ምርምር ነው። ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት፣ የሲቲው ሰዓት፣ በ90ኛው ቀን ከ0 (ደህና) እስከ 6 (ሞት) የሚለካው የአቅም ደረጃ ይመዝገብ። መጀመር ያልኩት ይህንን ነው።

ተቃዋሚ፦ ይህንን አላሉም። ቢሆንም ለመዝገቡ እፈርማለሁ። ግን የ90ኛውን ቀን ስልክ ማን ያነሳል? የተጻፈው የልጅየው ቁጥር ነው፣ ልጅየው ሳዑዲ ገብቷል። የሁለት ጎረቤት ቁጥር ይያዝ። ታማሚው እጁን በቀን ስንት ሰዓት እንዳሠራ የሚጻፍበት ዓምድም ይጨመር፤ አለዚያ ነገ የተሻለውን ሴሉ ያሻለው ይሁን ፊዚዮቴራፒው አይለይም።

ደጋፊ፦ ዓምዱን ይጨምሩ። ርዕሱ ግን «የስቴም ሴል ምርምር» እንደሆነ ይቆያል።