እሮጌን በስናይደር ብቻ አንመዝነው

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ ሥር ባለው እሮጌ ሜዳ ላይ የደረሰብንን ሽንፈት በእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ ብቻ ያሳብባል። ጠመንጃው በእርግጥ ለውጥ አምጥቷል። የእኛ ነፍጥ ባሩዱ በአፈሙዝ ፈስሶ፣ አረሩ በዘንግ ተጠቅጥቆ በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ቢተኩስ ነው፤ ስናይደር ከኋላ ስለሚጎርስ 10 ያህል ይተኩሳል። መድፎቻችንም ሜዳውን ቁልቁል ከሚያየው ከፋላ ተራራ አናት ሲተኮሱ አረሩ ከጠላት ራስ በላይ ያልፍ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ እንደ ሜዳ ካነጣጠሩ የሚመጣ ስህተት ነው። የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት እዚያው እሮጌ ላይ ነው።

ሠራዊቱ ግን ከዚያ በፊት ተመናምኖ ነበር። እኛ ጎንደሮች ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያጠፉባትን የመቅደላዋን ሽጉጥ በኩራት እያነሳን፣ እሳቸው በ1859 ያደረሱትን የጎንደር ቃጠሎና ዘረፋ እንዘለዋለን። የተዘረፈ ገበሬ ስንቅ አይሰጥም፣ የሸፈተም አይመለስም። ጋፋት የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እስከ መቅደላ ለመጎተት መንገድ እየተቆረጠ ወራት አለቁ። የእንግሊዞቹ ጦር አዛዥ ናፒየር በበኩሉ እህሉንና የጭነት ከብቱን ከአገሬው በማርያ ትሬዛ ብር እየገዛ መጣ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተግዘው መቅደላ የተከማቹት የብራና መጻሕፍትም በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ከተጫነው የእንግሊዞች ዘረፋ ጋር ወጡ።